ግድግዳ ላይ የደረቀው ዳቦ

በዚያ በጋ፣ ከሀቢቾ ወጣ ብሎ ባለው ግቢያችን የነበርነው እነዚህ ነን። አባቴ ሱልጣን፤ እሱ ግን አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ነበር። እናቴ ሸምሲያ። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዘይነባ። እህቴ ኑሪያ፣ በሁለት ክፍል የምትበልጠኝ። እኔ፣ ገና ትምህርት ቤት የገባሁት። በመንገዱ በኩል ባለችው ቆርቆሮ ክዳን ቤት ደግሞ ተከራዮቻችን፣ መምህር ደጀኔና ባለቤታቸው እትዬ አሰገደች። ዳለቻን ሳልጠራ ባልፍ ጎደሎ ይሆንብኛል። ላማችን ናት፤ ማታ ማታ ከእኛ ጋር አንድ ጣራ ሥር ታድር ነበር፤ ይህ ሁሉ የሆነውም በእሷ እበት ምክንያት ነው።

ባለፈው ወር እናቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ ጓሮ እንዳለሁ ዝናብ ያዘኝ። እንሰት ሥር ተጠለልኩ። ሰፊው ቅጠል ላይ ውኃው ሲወርድ ድምፁ እንደ ድሮው ነው። ከዚያ ሽታው መጣ፦ የረጠበ እበት፣ የበሰበሰ የእንሰት ቅጠልና አመድ አንድ ላይ። ለሌላ ሰው አፍንጫ የሚያሲዝ ሽታ ሊሆን ይችላል። ለእኔ የአክስቴ የዘይነባ ቀሚስ ነው የሸተተኝ። ዝናቡ ካባራ በኋላም ከዚያ አልወጣሁም።

አክስቴ ባሏ ሞቶባት ወደ ወንድሟ ቤት የተመለሰች ሴት ነበረች። ልጅ አልነበራትም። ስትመጣ የያዘችው አንድ ጥቅል ልብስና የእንሰት ችግኞች ነበር ይላሉ። ጓሮውን ተረከበች። ከቤቱ ጀርባ ጀምሮ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ያለው እንሰት በሙሉ በእሷ እጅ የተተከለ ነው። የቀኝ እጇ የመሃል ጣት ጫፍ የለውም፤ እንሰት ስትከትፍ ቢላዋው ወስዶታል። እኔ ሳውቃት ቁስሉ ድሮ ስለዳነ፣ ጣቷ ከልጅነቷ ጀምሮ አጭር የሆነ ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን ክብ የሣር ቤት ነበር። ከምሰሶው ወዲህ እኛ፣ ከምሰሶው ወዲያ ዳለቻ። በእሷ በኩል ወለሉ ትንሽ ዘቅዘቅ ይላል፤ ሽንቷ በቦይ ወርዶ በግድግዳው ሥር ባለ ቀዳዳ ወደ እንሰቱ ይወጣል። ማታ ስተኛ ያ ቦይ ሲፈስ እሰማ ነበር። የሁሉም ሰው ቤት እንዲህ ያለ ቦይ ያለው ይመስለኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ከመሄዳችን በፊት፣ የሌሊቱን እበት የምናወጣው እኔና ኑሪያ ነን። ኑሪያ ትዝቃለች፤ እኔ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ በሁለት እጄ አቅፌ እወስዳለሁ። እበቱ ይሞቃል። በብርድ ጠዋት ደረቴ ላይ ሲሆን ደስ ይል ነበር፤ ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ነግሬያቸው ስቀውብኛል። አክስቴ እንሰቱ መካከል ቆማ ትጠብቀኛለች። የትኛው እንሰት ዛሬ እበቱን እንደሚበላ የምታውቀው እሷ ናት።

«እዚህ ጋ። ግንዱ ላይ አይደለም! ክንድ ራቅ አድርግ።»

«ለምን?»

«አፉ እዚያ ነው።»

አንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ አፉን ፈለግሁ። ከግንዱ ክንድ ርቄ አፈሩን በጣቴ ጫርኩት። ጥርስ ያገኘሁ መስሎኝ ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩ፤ ጠጠር ነበር። ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮችን አየሁና አፉ ከዚያ ወረድ ብሎ ነው ብዬ መልሼ ሸፈንኩት።

ከዚያ በጋ በፊት ላሞቻችን ሦስት ነበሩ። አባቴ ከዶዮገና ድንች በሚያመላልስ አይሱዙ ላይ ድርሻ ሲገዛ ሁለቱ ተሸጡ። እኔ የሄደው ወተት ብቻ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ግን ገዢው ገመዳቸውን ሲይዝ፣ «ጓሮዬን ይዘውት ሄዱ» አለች። ነገሩ የገባኝ በጋው ሲጠና ነው። የእንሰቱ ቅጠል ከዳር ዳር ቢጫ መሆን ጀመረ። ግንዱ ቀጠነ። ከቁልቁለቱ ያሉት፣ እበት የማይደርሳቸው፣ እንደ ታመመ ሰው ጎንበስ አሉ።

አባቴ አንድ ጁምዓ ከመንገድ ተመልሶ ጓሮውን ዞሮ አየ። ገብቶ ተቀመጠና ጫማውን እያወለቀ ነገሩን ጀመረ።

«እህት ዓለም፣ ይህ እንሰት አርጅቷል።»

«እንሰት አያረጅም። ርቦታል እንጂ።»

«አንድ ላም ይህን ሁሉ አይመግብም። ሰው ሁሉ ባሕር ዛፍ እየተከለ ነው። ባሕር ዛፍ እበት አይጠይቅ፣ ኩትኳቶ አይጠይቅ። ተክለህ ትረሳዋለህ፤ አድጎ ይጠብቅሃል።»

«ባሕር ዛፍ ይበላል? ልጆችህ ግንዱን ይቀረጥፋሉ?»

«ቆጮ ከገበያ ይገዛል።»

 እናቴ ከእሳቱ በኩል ዞራ አክስቴን ታያት ነበር።

«እሱ ከተነቀለ እኔስ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለች አክስቴ። «ቁጭ ብዬ የወንድሜን ቆጮ የምበላ እንግዳ ልሁን?»

አባቴ ቀና ብሎ አላያትም። «የበልግ ዝናብ እስኪጥል ልቆይልሽ። ካላገገመ ግን ችግኝ ይዤ ነው የምመጣው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢያችን እበት እንደ ቅቤ ተያዘ። የሌሊቱ ብቻ አልበቃም። ዳለቻ ቀን ቀን በደጃችን ባለው መስክ ትታሰራለች፤ እዚያ የምትጥለውን ከትምህርት ቤት ስንመለስ እንድንሰበስብ ታዘዝን። ቅጠላችንን ይዘን ስንወጣ ግን መስኩ ባዶ ነው። በማግስቱም ባዶ። ሣሩ ላይ እርጥብ ክብ ምልክት ብቻ ይታያል።

አክስቴ መጀመሪያ የጠረጠረችው እኛን ነው። «ሰነፍ ሁላ! ኳስ ስትጫወቱ ዶሮ በትኖት ነው።» ቀጥላ የጎረቤት ልጆችን ጠረጠረች። በመጨረሻ ዳለቻን። ሆዷን ዳበሰች፤ ዐይኗን ገልጣ አየች። «ቀን ቀን መጣል አቁማለች። ይህቺ ላም ታማለች» ብላ ጨው አላሰቻት፤ ቅጠል ጨምቃ አጠጣቻት። ዳለቻ ምንም አልሆነችም ነበር። ጨዉን ግን ወደደችው።

እትዬ አሰገደች አገሯ ከደብረ ብርሃን ማዶ ያለ ደጋ ነው። አዲስ ሙሽራ ነበረች። ባሏ ትምህርት ቤት ሲውል እሷ የምታውቀው ሰው የለም፤ የቤታችንን ቋንቋ ሐዲይኛን አትሰማም፤ ሥራ ፈትታ መቀመጥ ግን አይሆንላትም። ደጃችንን ሳይቀር ትጠርግ ነበር። እኔን ስታየኝ ሁልጊዜ ከመቀነቷ ቆሎ ታወጣለች። አንድ ቀን ቆሎውን ሰጥታኝ እሷ ግን አልበላ አለች።

«ለምን አትበዪም?»

«ጾም ነው። ሁዳዴ ገብቷል።»

«ማታ ታፈጥሪያለሽ?»

ሳቀች። «የእኛ የሚፈታው በፋሲካ ነው።»

«ፋሲካ መቼ ነው?»

«ኡ! ገና ነው። ሩቅ ነው።»

በጣም አዘንኩላት። እኔ የማውቀው ጾም ረመዳን ነው። ቀን ተጾሞ ማታ ይበላል፤ እናቴ ከሰዓት በኋላ ጀምራ የማፍጠሪያውን ታዘጋጃለች። እትዬ አሰገደች ግን ሩቅ የሆነ ፋሲካ እስኪደርስ ምንም የማትበላ መሰለኝ። ያን ሁሉ ቀን የጾመ ሰው ለማፍጠሪያው ምን ያህል ያዘጋጃል? ይህን ሳሰላስል ሰነበትኩ።

መልሱን ያገኘሁት በአጥር ቀዳዳ ነው። የቆርቆሮ ቤቷ ጀርባ ፀሐይ ይመታዋል፤ ከእኛ በኩል በእሾህ አጥር የታጠረ ስለሆነ ሰው አይሄድበትም። የጠፋች ኳስ ስፈልግ በእሾሁ መካከል አጮለቅሁ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ዳቦ ተለጥፎበታል። ክብ፣ ቡናማ፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ በእያንዳንዱ መሃል አምስት ጣት የታተመበት። ገለባ ጣል ጣል ያለበትንም አየሁ፤ የአገሯ ዳቦ ሻካራ ነው አልኩ። ከሥሩ ደግሞ የደረቁት እንደ መጽሐፍ ተደርድረው ተከምረዋል።

ዛሬ ሳስበው እበት ከልደቴ ጀምሮ የታቀፍኩት ነገር ነው፤ እንዴት አላወቅሁትም? ግን እኔ እበትን የማውቀው መሬት ላይ ነው። ግድግዳ ላይ ወጥቶ፣ ክብ ሆኖ፣ ጣት ታትሞበት አይቼው አላውቅም።

ማታ ሁላችን እሳት ዙሪያ ስንቀመጥ፣ አክስቴ የቁልቁለቱ እንሰት ሌላ ቅጠል መጣሉን ለእናቴ ስትነግር፣ እኔ ጨዋታ ልቀይርላቸው አልኩ።

«እትዬ አሰገደች የፋሲካ ማፍጠሪያዋን ጨርሳለች» አልኩ። «ግድግዳው ሞልቷል።»

«ምን ሞልቷል?» አለች ኑሪያ።

«ዳቦ። እየለጠፈች ታደርቃለች። ጣቷም ታትሞበታል።»

ኑሪያ ሳቀችብኝ። እናቴ ግን ማማሰያዋን እንደያዘች ቀረች። አክስቴ እናቴን አየቻት፤ እናቴ ዐይኗን መለሰች። እኔ ዳቦው ያስደነቃቸው መሰለኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። አክስቴ እሾሁን በመጥረቢያ ከፍታ ገባች፤ እኛ ከኋላዋ። ከግድግዳው አንዱን ላጠችው፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ የሰማሁት ድምፅ ዳለቻ ጥጃዋ የሞተባት ጊዜ ካወጣችው ጋር ይቀራረባል።

«የእኔን እንሰት ምግብ! እሳት ልታበላው!»

እትዬ አሰገደች እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣች። «ምነው እትዬ ዘይነባ? ምን ሆኑ?»

«አንተ ነህ የወሰድከው! አንተ!» አክስቴ ስትናደድ አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም ነበር።

«እኔ… ሜዳ ላይ ወድቆ እኮ ነው ያገኘሁት። ግቢውን ላጽዳላችሁ ብዬ ነው። እትዬ ሸምሲያም ፈቅደውልኛል።»

ሁላችን ወደ እናቴ ዞርን። እናቴ ፊቷ ቀላ። «ወለል ልለቅልቅበት ስትለኝ ነው ውሰጂ ያልኳት። ይህን ያህል ወለል አለ ብዬ እንዴት ልገምት?»

መምህር ደጀኔ ከውስጥ ወጡ፤ በአንድ እጃቸው የተማሪ ደብተር፣ በሌላው ቀይ እስክሪብቶ። መካከል ገብተው ለማስረዳት ሞከሩ። በአገራቸው ይህ ኩበት ይባላል፤ ማገዶ ነው፤ ያለ እሱ ክረምት አይወጣም አሉ። እትዬ አሰገደች እንባዋ መጣ።

«እኔማ እናንተን ነበር የማዝንላችሁ» አለች። «ማገዶውን ጓሮ እየወሰዱ ይጥሉታል፣ የሚያሳያቸው ሰው የለም እያልኩ። ሲከማች ግማሹን ለእናንተ ልሰጥ ነበር።»

ኑሪያ አፏን ይዛ ሳቀች። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ኩበቱን በእጇ እንደያዘች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«እናንተ አገር ይህን እሳት ከበላው፣ መሬታችሁ ምን ይበላል?»

እትዬ አሰገደች ነጠላዋን አገጣጠመች።

«የአባቴ መሬት ደክሟል» አለች። «ደጋው ላይ ዛፍ የለም፤ ብርዱ ደግሞ አያኖርም። ሌላ ምን እናንድድ?»

አክስቴ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ኩበቱን በሁለት እጇ ሰብራ መፈርፈር ጀመረች። እትዬ አሰገደችም አጠገቧ ተቀመጠች። የራሷን ክምር ወደ ራሷ ሳበች፤ እሷም መሰባበር ጀመረች።

ያን ቀንና በቀጣዮቹ ቀናት ግድግዳው በሙሉ ወረደ። በቦዩ መውጫ ጉድጓድ ቆፈርን፤ ፍርፋሪውን ከተትን፤ የዳለቻን ሽንትና ውኃ ጨመርንበት። ጥቂት ቆይቶ ጉድጓዱ አረፋ እያወጣ ያጉረመርም ጀመር። ኑሪያ «ሆዱ እየጮኸ ነው» ትለኝ ነበር፤ ሌሊት የቦዩን ድምፅ ስሰማ እሱ መስሎኝ እሸፋፈናለሁ። ጥቁር ሆኖ ሲላቆጥ በቅል እየቀዳን ወደ ቁልቁለቱ ወሰድነው። ክንድ ራቅ አድርገን።

ማገዶ ለእትዬ አሰገደች ከአክስቴ መጣላት፦ የደረቀ የእንሰት ቅጠልና ግንጣይ፣ በእቅፍ።

«ይሄ እኮ እንደ ወሬ ነው የሚነደው» አለች እትዬ አሰገደች። «ቦግ ይልና የለም። ሽሮዬ ሳይፈላ ያልቃል።»

«ቶሎ ቶሎ መማገድ ነዋ። ሥራ ፈት ሆነሽ አይደል እበት የለቀምሽው?» አለች አክስቴ። «አመዱን ግን መልሺ። የእኔ ነው።»

ከዚያ በኋላ እትዬ አሰገደች ጠዋት ጠዋት አመዷን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዛ ጓሮ ትመጣ ነበር። አመዱን በትና ቆሎ ትሰጠኛለች። አክስቴ ዐይኗን ከእንሰቱ ሳታነሳ «አፉ ጋ፣ አፉ ጋ» ትላታለች።

የፋሲካ ዋዜማ ደረሰ። እትዬ አሰገደች ድፎ ልትጋግር ሊጥ አቡክታ፣ ቅጠል ለመነች።

«እኛ አገርም ኮባ አለ» አለች። «ግን ለዳቦ መጋገሪያ ነው፤ ለቅጠሉ ብቻ ነው የሚተከል።»

«ለቅጠሉ ብቻ?» አክስቴ ከት ብላ ሳቀች። ከግድግዳው ጉዳይ በኋላ እንዲያ ስትስቅ መጀመሪያ ያየኋት ያኔ ነው። «እኔ ዳለቻን ለጅራቷ ብቻ ባስቀምጣት ማለት እኮ ነው!»

ቅጠሉን ራሷ መርጣ ቆረጠችላት፣ አንድም ቀዳዳ የሌለውን። ችግሩ እሳቱ ነበር። ድፎ ከላይም ከታችም ዝግ ያለ እሳት ይፈልጋል፤ የእንሰት ቅጠል ቦግ ብሎ ይጠፋል። እትዬ አሰገደች «በዚህ እሳት ላዩ ያራል፣ ውስጡ ጥሬ ይሆናል» ብላ ተክዛ ተቀመጠች። አክስቴ ተነስታ ሄደች። ስትመለስ በጆንያ ነገር ይዛ ነበር። ከፍታ በምጣዱ አጠገብ አፈሰሰችው። ኩበት ነው።

«ከግድግዳው የተረፈ ነው» አለች። «ለዚህ አንድ ቀን ብቻ።»

እትዬ አሰገደች አንዱን አንስታ አገላበጠችው። አክስቴን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ወደ እሳቱ አስገባችው። እኔም አንዱን አንስቼ ነበር። ጣት ታትሞበታል። አምስቱንም በጣቴ ተከተልኳቸው። የመሃለኛው ከጎኖቹ ጋር እኩል ነው፤ ጫፍ የለውም። ያኔ ይህ ምንም አላለኝም።

በማግስቱ ዳቦው በሞሰብ መጣልን። በዓሉ የእነሱ ነው፤ ሥጋቸውን አንበላም፤ እነሱም የእኛን አይበሉም። ዳቦ ግን የሁሉም ነው። አክስቴ ቆርሳ በመጀመሪያ ለእኔ ሰጠችኝ።

«በል ብላ፤ ግድግዳ ላይ ያየኸው ዳቦ ይኸው።»

ሁሉም ሳቁብኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። የጣት ምልክት የለውም፤ የእንሰቱ ቅጠል መስመሮች ብቻ፣ ቀጥ ቀጥ ብለው ታትመዋል። አክስቴ ያረረውን ቅጠል ከሞሰቡ ሰብስባ ወደ ጓሮ ይዛው ሄደች።

በልጉ ሲጥል አባቴ መጣ። አይሱዙው ላይ የባሕር ዛፍ ችግኝ ነበር፤ በጥቁር ፕላስቲክ፣ ብዙ። ሳያወርደው በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደ። አክስቴ አልተከተለችውም፤ በር ላይ ቆማ እጇን ከቀሚሷ ሥር ደበቀች። እኔ ተከተልኩት። በዝናቡ ታጥቦ በየእንሰቱ መሃል አዲስ ቅጠል ወጥቷል፤ ገና ያልተዘረጋ፣ ተጠቅልሎ ቀጥ ያለ። ከቁልቁለቱ ያሉትም ሳይቀሩ። አባቴ አንዱን በሁለት ጣቱ ያዘውና ትንሽ ቆሞ ወደ በሩ ተመለሰ።

«ፍጉን ከየት አመጣችሁት?»

«ከግድግዳ» አለች አክስቴ።

አባቴ ግራ ገብቶት እናቴን አየ። እናቴ መሳቅ ጀመረች፤ ኑሪያም ተከተለች።

«ይሁን፤ ይቆይ» አለ አባቴ በመጨረሻ። «ግን ይህን ሁሉ ችግኝ ምን ላድርገው?»

አክስቴ እጇን ከቀሚሷ ሥር አወጣችና ወደ መንገዱ ዳር ጠቆመች። «እዚያ ትከለው። የመምህሩ ሚስት ማገዶ ትፈልጋለች።»

«እሱ እስኪደርስ እዚሁ ላረጅ ነው?» አለች እትዬ አሰገደች ከቆርቆሮ ቤቷ።

«አርጂ» አለች አክስቴ። «አመድሽ ጥሩ ነው።»

ባለፈው ወር ከዝናቡ ያስጠለለኝ እንሰት ያኔ የነበረው አይደለም፤ ያ ድሮ ተቆርጦ ተበልቷል። የእሱ አሚቾ፣ ከመሬት በታች ያለው ሥሩ፣ ተቀብሮ ካበቀላቸው ችግኞች የተገኘ ነው። ያን ቀን ማታ ነገሩን ለእናቴና ለኑሪያ አነሳሁት። ኑሪያ በፋሲካው ዋዜማ የነደደው ኩበት በእርግጥ ከግድግዳው የተረፈ ነው ትላለች። እናቴ ደግሞ እትዬ አሰገደች አልጋ ሥር ደብቃው የነበረ ነው ባይ ናት። እኔ ግን ያን አጭር ጣት በጣቴ ተከትዬዋለሁ። በዚያ በጋ ከእንሰቱ አፍ አንዲት እፍኝ እንዳይነጠቅ ታግላ፣ በድብቅ ተቀምጣ፣ ለሰው በዓል እበት ጠፍጥፋ ያደረቀችው ራሷ አክስቴ ናት እላለሁ። እሷን አሁን መጠየቅ አልችልም።

እትዬ አሰገደች፣ መምህር ደጀኔ፣ ይህ ከደረሳችሁ ያጎደልኩትን ሙሉልኝ። የት እንዳደረቀችው፣ በየትኛው ሰዓት እንደጠፈጠፈችው፣ ያየ ካለ ይንገረኝ። በተለይ አንቺ፣ እትዬ፤ አገላብጠሽ አይተሽው ቀና ያልሽው ለዚህ ነበር? ስለ ዳቦው ግን የሚጨመር የለም፤ እሱን ገልብጬ አይቻለሁ።